የንጉሡ ቀኝ ተረከዝ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ የቆማችሁም ግቡ፣ ምንጣፉ ሰፊ ነው። እግራችሁን ዘርጉ፣ ማንም አይቆጣችሁም። የዛሬው ወሬዬ የእግር ወሬ ነው። የሁለት እግርም አይደለም፤ የአንድ ሰው ቀኝ እግር፣ እሱም ተረከዙ ብቻ።

ሰውየው ኒባሮን ሾማዳር ይባላል። በእኛ በወንዙ ዳር መንደሮች በሚዞረው፣ ጃትራ በምንለው የሜዳ ቴአትር ቡድን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ንጉሥ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። በየዓመቱ ቴአትሩ ይለወጣል፣ ንጉሡ ግን ያው ኒባሮን ነው። ድምፁ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ጢሙ የራሱ ነው፣ እንደ ሌሎቹ በሙጫ የሚለጠፍ አይደለም። ዘውዱን አውልቆ ቤቱ ሲገባ እንኳ ንግሥናው ቶሎ አይለቀውም ነበር፤ ገበያ ወጥቶ ድንች ሲመርጥ ለድንቹ ምሕረት የሚያደርግ ይመስላል።

መድረካችንን ታውቁታላችሁ፤ መጋረጃ የለው፣ ግድግዳ የለው። ሜዳ መሃል በሰው ወገብ ልክ የተነጠፈ ጣውላ ነው። ሕዝቡ በአራቱም ወገን መሬት ላይ ይቀመጣል። ወንዶቹና ወንበር የሚቀርብላቸው የመንደር ትልልቅ ሰዎች ከፊት፣ ሴቶቹ ደግሞ ከዙፋኑ ኋላ። ኒባሮን ሃያ ስድስት ዓመት የተወነው ለወንበሮቹ ነው። ከኋላው ሰው መኖሩን ያውቃል፤ ግን ከቤታችን ጀርባ የሙዝ ተክል እንዳለ የምናውቀው ዓይነት ማወቅ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠች ሴት ደግሞ ቀና ስትል ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው የት ነው? የንጉሡ ተረከዝ ላይ።

ድሮ ችግር አልነበረም። ረጅም ቀይ ካባ ነበረውና ጣውላው ላይ ይጎተት ነበር። ዘንድሮ ግን ዝናቡ አባርቶ የልብስ ሣጥኑ ሲከፈት፣ አይጥ የካባውን ጫፍ ዙሪያውን በልታዋለች። ልብስ ሰፊው የተበላውን ቆርጦ አጠፈውና ካባው ባት ላይ ቀረ። ያለፈው ዓመት ጫማም ስላልተገኘ፣ በአንድ ቁጥር የሚበልጠው፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቆለመመ ወርቃማ ጫማ ሰጡት። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የዘንድሮው ቴአትር እንዲህ ነው። ጠላት ከተማውን ከቧል። ንጉሡ ሕዝቡን ለማዳን አንዲት ልጁን ለጠላት ንጉሥ ይድራል። ልጅቱ በጀልባ ልትሄድ ስትል ንጉሡ፣ «ልጄ ሆይ፣ አንቺ ስትሄጂ ቤቴ ጨለመ፣ ልቤ ዝናብ እንዳጣ እርሻ ተሰነጠቀ» እያለ ረጅም ስንብት ያደርጋል። ከዚያ ወደ መኳንንቱ ዞሮ፣ «ንጉሥ አያለቅስም። እኔ ምንም አልሆንኩም» ይላል። ይህን ጊዜ ቢቤክ ይገባል። ቢቤክ ማለት ኅሊና ነው፤ ያለ እሱ ጃትራ የለም። ከሕዝቡ መሃል ብድግ ይልና ሰውየው በልቡ የደበቀውን ነገር በዘፈን ያወጣበታል።

መጀመሪያ የሳቁት ሻልባሪ መንደር ላይ ነው። ኒባሮን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ቤቴ ጨለመ» ሲል ከኋላው ኪኪኪ የሚል ነገር ሰማ። ውሻ ገብቶ ይሆናል አለ በልቡ። «ልቤ ተሰነጠቀ» ሲል ሳቁ ሰፋ። በሁለተኛው መንደርም ሳቁ። በሦስተኛው መንደር ገና አፉን ሲከፍት አንዲት አሮጊት ከኋላ፣ «ይኸው ጀመረች» አለች፤ ሴቶቹ ሁሉ እርስ በርስ ተደጋግፈው በሳቅ ፈረሱ። ኒባሮን፣ ማናት የጀመረችው ብሎ ልዕልት ሆና የምትሠራውን ልጅ በጎሪጥ አያት። ልጅቱ ምስኪን ዝም ብላ ቆማ ነበር።

ከመድረክ ሲወርድ ቡባንን ጠራው። ቡባን ቢቤክ ሆኖ የሚዘፍነው ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ የሚጣፍጥ፣ ጥላውን የሚፈራ ሰው።

«ቡባን፣ አንተ እውነት አውጪ ነህ። እነዚህ ሴቶች ምን ሆነው ነው የሚስቁት?»

«ዳዳ» አለ ቡባን፣ ታላቅ ወንድሙን እንደሚጠራ፣ «እኔ እውነት የማወጣው በዜማ ከተጻፈልኝ ብቻ ነው።»

ፖልቱ አጠገባቸው ፊቱን እየታጠበ ነበር። ወጣት ነው፣ መልከ መልካም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ዘበኛ ሆኖ የሠራ። «ዳዳ፣ የሚስቁት እኮ ወደውዎት ነው» አለ። «እኔን ማን ይስቅልኛል? ኑሮዬ ሁሉ ጦር ይዤ መቆም ነው።»

የቡድኑ ባለቤት ትሮይሎኮ፣ እኛ ኦዲካሪ የምንለው፣ ነገር አያበዛም። ጧት ዕቃ ሲጫን ጠጋ አለና፣ «ኒባሮን፣ ቅዳሜ ኮንቾንፑር ነን። የዐሥር መንደር ሰው ይመጣል። ያ ሳቅ እንደገና ከተሰማ ዘውዱን ፖልቱ ያደርገዋል» አለው።

«እኔስ?»

«አንተ ዘበኛውን።»

«ዘበኛው እኮ ያለው አንድ ቃል ነው፣ ኦዲካሪ።»

«'ጌታዬ፣ ጠላት መጣ።' ጥሩ ቃል ነው። እስከ ዛሬ ማንም አልሳቀበትም።»

ኮንቾንፑር ማለት ደግሞ አንድ ልጁ ቶሩ ባለፈው ዓመት ተድራ የሄደችበት አገር ነው። የቶሩ አማት ለሰፈሩ ሁሉ፣ «ንጉሡ እኮ አማቻችን ነው» ብላ አውርታለች። ያን ሁሉ ሰው ሰብስባ ጦር የያዘ አማች ልታሳይ ነው።

እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ስለነበረው ቤቱ ገባ። ሚስቱ ኪሮዳ ግቢ ውስጥ ዓሣ ታጸዳ ነበር። በእኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ ኒባሮን የሚለው ቃል ከኪሮዳ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

«የቶሩ አባት፣ ምነው ፊትህ?» አለችው።

ሁሉንም ነገራት። ሳቁን፣ አሮጊቷን፣ ዘበኛውን። ኪሮዳ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ሳቁ ከየት ወገን ነው?»

«ከኋላ። ከእናንተ ወገን።»

«ካባህን አይጥ በልታው ማሳጠራቸውን ነግረኸኝ አልነበር?»

«ካባው ከዚህ ምን አገናኘው?»

ኪሮዳ አፏን በልብሷ ጫፍ ሸፍና መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አልቆም ብሏት መሬት ተቀመጠች፤ ድመቷ ዕድሉን አግኝታ አንድ ዓሣ ይዛ ስትሮጥ እንኳ አልተነሣችም። ኒባሮን በንጉሥ ዓይን አያት፤ ጭራሽ ባሰባት።

በመጨረሻ ዓይኗን ጠረገችና፣ «በል እዚያው እንደቆምክ መልስልኝ» አለችው። «ባለፈው ሳምንት ለእንግዳ ብዬ ስምንት ሾንዴሽ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ነበር። በአዲሱ የቴምር ስኳር የተሠራው ጣፋጭ። ስመለስ አምስት ሆኖ አገኘሁት። ሦስቱን ማን በላው?»

ሐኪም ጣፋጭ ከልክሎታል። ኒባሮን ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «ድመቷ ትሆናለች» አለ።

«አትንቀሳቀስ። ወደ ታች እይ።»

ወደ ታች አየ። ቀኝ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቶ፣ የልብስ ስፌት መኪና እንደሚረግጥ ሰው እግር፣ ብድግ ዝቅ ብድግ ዝቅ ይላል። ነጠላ ጫማው ጧ፣ ጧ ይላል። የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው ትኩር ብሎ አየው።

«ይሄ… መቼ ጀመረው?»

«እኔ ሳገባህ ነበረ። በዋሸህ ቁጥር ነው። የሠርጋችን ዕለት፣ ምግቡ ጣፈጠህ ወይ ብዬ ስጠይቅህ ነው መጀመሪያ ያየሁት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አትነግሪኝም?»

«ከነገርኩህማ ትደብቀዋለህ» አለች ኪሮዳ፣ ዓሣዋን እያነሣች። «ከዚያ በኋላ በምን አውቃለሁ?»

እንግዲህ አስቡት፤ ይህች ሴት ለባሏ ዘውድ ስትል ሠላሳ አንድ ዓመት የተማመነችበትን መሣሪያ በገዛ እጇ ሰጠችው። እሱ ግን ያን ጊዜ ለማመስገን ጊዜ አልነበረውም። የኒባሮን ሐሳብ ተረከዙን ማሰር ነበር።

አሰረውም። በማግስቱ ጧት ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን ከግራው ጋር በገመድ አስሮ ግቢ ውስጥ ቆመና፣ «ልጄ ሆይ፣ አንቺ ስትሄጂ ቤቴ ጨለመ» ብሎ ጮኸ። ዳክዬዎቹ ወደ ኩሬው ሸሹ። ተረከዙ ዝም አለ። ኒባሮን ደስ ብሎት ወደ ኪሮዳ ዞረ።

«አየሽ?»

«አየሁ» አለች። «ቀኝ ትከሻህ ወደ ጆሮህ ወጣ።»

ትከሻውን ይዞ ደገመው። ክርኑ ተወዛወዘ። ክርኑን ወገቡ ላይ ለጠፈና ደገመው። ኪሮዳ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የግራ ጆሮው ጫፍ ልክ ዝንብ እንዳረፈባት ላም ጆሮ ሲንቀጠቀጥ አይታ ነበር። ከዚያ ግን አፏን መልሳ ዘጋች። ለምን እንደዘጋችው ኋላ እደርስበታለሁ።

«ፍታው እባክህ» አለችው። «ውሸት እንደ ውኃ ነው እንዴ አንተ ሰው ላይ፣ በአንዱ ሲዘጉት በሌላው የሚወጣ። እግርህን ተወውና አትዋሽ።»

«የቶሩ እናት፣ እኔ ተዋናይ ነኝ። እንጀራዬ እሱ አይደለም ወይ?»

«'ቤቴ ጨለመ' ስትል ምን ታስባለህ?»

ኒባሮን ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታ።

«እውነቱን ንገረኝ። ገመዱን ፈትተሃል፣ አየዋለሁ።»

«…ከቴአትሩ በኋላ የሚቀርበውን ዓሣ። አንዳንዴ ጭንቅላቱ ለማን ይደርስ ይሆን እላለሁ።»

ተረከዙ መሬት ላይ ድርቅ ብሎ ተቀመጠ። ሁለቱም አዩት።

«እንግዲህ አፍህ ስለ ልጅህ ይናገራል፣ እግርህ ስለ ዓሣ ይናገራል» አለች ኪሮዳ። «ሴቶቹ የሰሙት እግርህን ነው። ጥፋተኛ አይደሉም።»

ኒባሮን የቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። የንጉሥ አቀማመጥ አልነበረም፤ የደከመው ሰው አቀማመጥ ነበር። ኪሮዳም እጇን ታጥባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ቶሩ የሄደች ዕለት ጀልባው ጋ ቆመህ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «እኔ ሳለቅስ አንተ ከጀልባው ባለቤት ጋር ትቀልድ ነበር። 'አንተ ምንም አልሆንክም?' ብዬ ስጠይቅህ ምን አልከኝ?»

«ምንም አልሆንኩም አልኩሽ።»

ይህን ሲል ተሰማው። ወደ ታች ሳያይ፣ በራሱ ተሰማው። መጀመሪያ ጉልበቱ ላላ፣ ከዚያ ባቱ ተወጠረ፣ ከዚያ ተረከዙ ከቀዝቃዛው መሬት ተላቅቆ ተነሣ። ሃምሳ ስምንት ዓመት አብሮት የኖረ እግር ነው፤ ሲንቀሳቀስ ከውስጥ ሆኖ ሲሰማው ግን የመጀመሪያው ነበር።

«ሻሏን ረስታ ነበር» አለ። «አረንጓዴውን። አጥሩ ላይ ተሰቅሎ አየሁት፣ ጀልባው ገና ሩቅ አልሄደም ነበር። ብጠራ ድምፄ ይደርስ ነበር። የእኔ ድምፅ እንዴት አይደርስም? ግን ብጠራት እንደማለቅስ አወቅኩና ዝም አልኩ። ወንዙ ላይ በርዷት ይሆናል እያልኩ ዓመት ሞላኝ።»

ኪሮዳ ወደ ተረከዙ አላየችም። ማየት አላስፈለጋትም።

የቀሩትን ሁለት ቀን ዳግመኛ አልጮኸም። ግቢው ውስጥ መቆም ብቻ ተለማመደ። ጎረቤት ሲያልፍ፣ «የቶሩ አባት፣ ምን እየሠራህ ነው?» ይለዋል፤ «እየቆምኩ ነው» ይላል። እግሩ ምን እንደነካ፣ ሆዱ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ትንፋሹ የት ላይ እንደሚቆም ያዳምጣል። ሰፈሩ፣ ሰውየው ታሟል ብሎ ለኪሮዳ ሎሚ ላከላት።

ቅዳሜ ኮንቾንፑር ደረሱ። የመጨረሻው ጀልባ ሳይመሽ ስለሚሄድ ቴአትሩ የተጀመረው በጠራራ ፀሐይ ነው። ወሬው ግን ቀድሟቸው ደርሷል። ሕዝቡ ሁሉ ከዙፋኑ ኋላ ለመቀመጥ ይጋፋ ነበር። ወንበር የተሰጠው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር እንኳ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ኋላ ሲዞር ኦዲካሪ አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ሴቶቹ መሃል ልክ ከዙፋኑ ጀርባ ኪሮዳ፣ ቶሩና አማቷ ተቀምጠዋል። አማቲቱ ለሰው ሁሉ፣ «ይሄ ጀርባ የአማቻችን ነው» እያለች ታሳያለች።

ፖልቱ ከመድረኩ ሥር ዘውዱን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ በጨርቅ ይወለውል ነበር።

«አንተ፣ ምን ታደርጋለህ?» አለው ኒባሮን።

«ላጽዳልዎት ብዬ ነው፣ ዳዳ።»

«እየለካኸው ነው።»

«ሲያጸዱት ጭንቅላት ላይ ካልሆነ አያበራም።»

ቴአትሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ስንብቱ ደረሰ። ከኋላ ሰው ሲጠጋጋና ሲያሾካሹክ ተሰማው። አንዲት አሮጊት፣ ያቺው የሦስተኛው መንደር አሮጊት ሳትሆን አትቀርም፣ «አሁን እዩዋት፣ አሁን ትጀምራለች» አለች።

ኒባሮን ጣውላው ላይ ቆሞ ራሱን አዳመጠ። ጫማው ሰፍቶታል፣ ጣቶቹ ጫማው እንዳይወልቅ ሲጨብጡ ተሰማው። እጁ ወደ ደረቱ መንገድ ጀምሯል፤ ሃያ ስድስት ዓመት የለመደው መንገድ ነው። እጁን አቆመው። ከዚያ ወርቃማውን ጫማ አንድ በአንድ አወለቀና በባዶ እግሩ ቆመ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ሌሎቹ ዝም በሉ አሏቸው።

«ልጄ» አለ። ሆይ አላለም። «አንቺ ስትሄጂ ቤቴ…»

ጨለመ ሊል ነበር። ጉልበቱ ሲላላ ተሰማው። ይህ ቃል የእሱ አይደለም፣ ተረከዙ አያምነውም። ተወው። ሁሉም ይጠብቃል። ከበሮ መቺው ረሳው ብሎ ቃሉን በሹክሹክታ ሊያቀብለው ሞከረ። ኒባሮን ጀልባው ላይ ያለችውን ልዕልት እያየ፣ በገበያ ድምፅ፣ በቤት ድምፅ፣ «ሻልሽን ያዢ። ወንዙ ላይ ይበርዳል» አላት።

ተረከዙ ጣውላው ላይ እንደ ምሰሶ ተተክሎ ነበር። ከኋላው የአንድ ሰው ትንፋሽ ቁርጥ ሲል ሰማ፤ የማን እንደሆነ ዞሮ ባያይም አወቀው።

ከዚያ ወደ መኳንንቱ ዞረ። «ንጉሥ አያለቅስም» አለ። «እኔ ምንም አልሆንኩም።»

ተረከዙ ተነሣ።

ሲነሣ ተሰማው፣ ሊይዘውም ይችል ነበር። አልያዘውም። ንጉሡ እየዋሸ ነው፤ እግሩ ምን ያድርግ። ብድግ ዝቅ፣ ብድግ ዝቅ አለ፣ በባዶ ጣውላ ላይ፣ ያለ ድምፅ። ይህን ለማየት ሦስት መንደር አቋርጠው የመጡ ሴቶች ሁሉ አዩት። ማንም አልሳቀም።

«ውሸቱን ነው» አለች አሮጊቷ በቀጭን ድምፅ። «ወይ ልጄ፣ አንጀቱ አሮ ነው የሚዋሸው።» ቀጥሎ አማቲቱ በቶሩ ሻል አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ፤ ቶሩ ደግሞ ሻሉን ልትቀማት ትታገላለች፣ ለራሷ ፈልጋው።

የቢቤክ መግቢያ ደርሷል። ዋሽንቱ ቡባንን ጠራ። ቡባን ከሕዝቡ መሃል ተነሣ፣ አፉን ከፈተ፣ ተረከዙን አየ፣ የሴቶቹን ፊት አየ። ዋሽንቱ ሁለተኛ ጠራው፣ ሦስተኛ ጠራው። ቡባን አፉን ዘጋና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ቴአትሩ ሲያልቅ ኦዲካሪ መጀመሪያ የያዘው እሱን ነው። «ለምን አልዘፈንክም?»

«ምን ልዘፍን፣ ኦዲካሪ» አለ ቡባን፣ «የዳዳ እግር ዘፍኖት ጨረሰ።»

ኦዲካሪ ኒባሮንን ከዘውዱ እስከ ባዶ እግሩ ረጅም ጊዜ አየው። «ጫማው ይቅር» አለ። «ዘውዱን አንተው ያዘው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ካባውን ሌላ ሁለት ጣት ያሳጥረው።» ከዚያ ወደ ፖልቱ ዞሮ ጦሩን አቀበለው። ፖልቱ ጦሩን ተቀበለና፣ «ጌታዬ፣ ጠላት መጣ» አለ ለራሱ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከልቡ የተናገረው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ቶሩ አማቷን አስከትላ መጣች። በእኛ ልማድ ልጅ ያባቷን እግር ነክታ ነው የምትሳለመው፤ ጎንበስ አለችና ሁለቱንም ነካች። ቀኙ ላይ ግን እጇ ትንሽ ቆየ። ተረከዙን እንደ ሕፃን ራስ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው።

«አባዬ፣ ያን ዕለት በርዶኝ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት። ሁለቱም እግሩ መሬት ላይ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ቤቱ ገብቶ ተደላድሎ እንደተቀመጠ ኪሮዳ ከጓዳ ጠራችው። መደርደሪያው ላይ ስድስት ሾንዴሽ ነበር፣ አሁን አራት ነው።

«የቶሩ አባት፣ ሁለቱን ማን በላው?»

ኒባሮን ተነሥቶ ቆመ። አሁን እግሩን ያውቀዋል፣ ጌታው ነው። ሁለቱን ተረከዙን መሬት ላይ ተከለ፣ ትከሻውን አወረደ፣ ክርኑን አሳረፈ፣ ትንፋሹን አስተካከለ።

«ድመቷ» አለ።

ተረከዙ ንቅንቅ አላለም። ፊቱ በድል አበራ። ኪሮዳ ወደ እግሩ አላየችም። ቀና ብላ የግራ ጆሮውን አየች፤ ዝንብ እንዳረፈባት ላም ጆሮ ጫፉ ይንቀጠቀጣል።

«አይ ይቺ ድመት» አለችና አንድ ሾንዴሽ ቆርሳ ግማሹን አጎረሰችው።

በሉ ልጆቼ፣ ነገ አንድ ነገር ከልባችሁ ልትናገሩ ስትቆሙ፣ እግራችሁ ምን እያለ እንደሆነ አንድ አፍታ አድምጡት፤ ይህን አስታውሱልኝ። የጆሮውን ነገር ደግሞ ኪሮዳ ዝም እንዳለች እናንተም ዝም በሉ። ኒባሮን በዚህ በኩል ሲያልፍ ብታገኙት ሰላምታ ስጡት፣ ስለ እግሩ ጠይቁት፣ ደስ ይለዋል። ጆሮውን ግን ትኩር ብላችሁ እንዳታዩበት፣ አደራ።